ኢስናድ የሌለው መስመር፦ የጥንት ሙስሊም ሱልጣኔቶች ወሰን በዲጂታል ካርታ ላይ

የኢፋትን ሱልጣኔት የሚያሳይ ዲጂታል ካርታ የከፈተ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው መስመር ላይ ነው። መስመሩ ቀጭንና የተዘጋ ነው፤ በውስጡ ያለው ሁሉ በአረንጓዴ ተቀብቷል፤ ውጭ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። ካርታውን ባጎላነው ቁጥር መስመሩ አብሮን ይወርዳል። መጀመሪያ በተራሮች ግርጌ ያለፈ የመሰለን፣ ቀጥሎ በአንድ ወንዝ ዳር፣ ከዚያም በአንድ ገበሬ ማሳ መካከል ሲያልፍ እናየዋለን፤ አይደበዝዝም፣ አያመነታም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ መስመር ነው። የምንጠይቀውም የሐዲስ ተማሪ ገና ከጅምሩ የሚማረውን ጥያቄ ነው፦ ይህን ዘገባ ማን ከማን ተቀበለው?

ጥያቄው የባለሙያዎች ቅንጦት አይደለም። ለመድረሳ መምህራን በተዘጋጀ አንድ ሥልጠና ላይ እንዲህ ያለውን ካርታ ግድግዳ ላይ አብርተን ስለ ኢፋት ስናስተምር፣ አንድ ወጣት ኡስታዝ ያንኑ ካርታ በስልኩ ከፍቶ የአያቶቹን መንደር ፈለገ። መንደሩ ከአረንጓዴው ቀለም በሁለት ጣት ወርድ ውጭ ነበረ። ‹‹እኛ እንግዲህ ኢፋት አልነበርንም›› አለ እየሳቀ። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው ‹‹የእኛስ ውስጥ ነው›› አለው፤ እሱ ግን አልሳቀም። ያን ዕለት ሁለቱም ተሳስተዋል ለማለት ማስረጃ አልነበረንም፤ ትክክል ናቸው ለማለትም አልነበረንም። ካርታውን መርጠን ያቀረብነው እኛው ነበርንና ጥፋቱ የእኛ ነው።

በአገራችን የወሰን ነገር ምን ያህል ደም እንዳፋሰሰ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም። የሰባት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ሱልጣኔት በዛሬ ካርታ ላይ ጥርት ባለ መስመር ሲከበብ፣ የታሪክ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ የይዞታ ማስረጃ መምሰል ይጀምራል። በሌላ በኩል ደግሞ የሙስሊሙን ታሪክ ማቃለል የሚሻ ሰው መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ስህተት መሆኑን ሲያሳይ፣ ከመስመሩ ጋር ሱልጣኔቱንም ሐሰት ነው ለማለት መንገድ ያገኛል። ሐሰተኛው ጥራት በሁለቱም በኩል ይጎዳናል።

መስመሩ ከየት መጣ ብለን ወደ ኋላ ስንሄድ አብዛኛውን ጊዜ የምንደርሰው አንድ ሰው ዘንድ ነው። እሳቸውም በካይሮና በደማስቆ የመማሊክ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ያገለገሉትና በ1349 (ዓመተ ምሕረቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያረፉት ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። መሳሊክ አል-አብሳር በተባለው ሰፊ ሥራቸው በሐበሻ ምድር ስለነበሩ ሰባት የሙስሊም መንግሥታት ጽፈዋል፦ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሸርኻ፣ ባሊና ዳራ። አል-ዑመሪ ሐበሻን አላዩም። ያዩና የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቁ፤ ከዋነኞቹ አንዱ በዚያ ዘመን በካይሮ የነበሩት ሸይኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒ ናቸው። ከእነዚህ ሰዎች የሰሙትን የየመንግሥቱን ስፋት በቀን ጉዞ መዝግበዋል። ኢፋት ርዝመቱ የ15 ቀን፣ ወርዱ የ20 ቀን መንገድ ነው። ደዋሮ 5 በ2፣ ሐዲያ 8 በ9፣ ባሊ 20 በ6፣ ዳራ 3 በ3 ነው። ይህ ታላቅ ውለታ ነው፤ ይህ ዘገባ ባይኖር ስለነዚህ አገሮች ስፋት የምንለው እጅግ ያነሰ ይሆን ነበር። ሆኖም ዘገባው መስመር አይደለም። ርዝመትና ወርድ የሚሉት ቃላት በራሳቸው አቅጣጫን አይናገሩም፤ ቀኑም ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ አይገልጹም።

ቀኑን ወደ ኪሎ ሜትር ለመቀየር ስንሞክር የጥርጣሬው መጠን በግልጽ ይታያል። የሶላትን ማሳጠር ሕግ ያስተማረ ሁሉ ሒሳቡን ያውቀዋል፦ በአብዛኞቹ ፉቀሃእ ዘንድ ሶላት የሚያጥርበት ርቀት 16 ፈርሰኽ ወይም 48 ሚል፣ ማለትም ሁለት መርሐላ ነው፤ በዛሬ ልኬት ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ይገመታል። ስለዚህ አንዱን መርሐላ 40 ኪሎ ሜትር ብንለው ኢፋት 600 በ800 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱም 480,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ከዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ከመቶ አርባውን ያልፋል። ነገር ግን አጋሰስ እየነዳ የሸዋን ገደል የሚወጣና የሚወርድ ነጋዴ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ አይፈረድበትም። እንዲህ ከሆነ ያው ኢፋት 300 በ400፣ ማለትም 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ቃል ስንተረጉም አገሩ በአራት እጥፍ ያድጋል ወይም ያንሳል። መንገዱም በወፍ በረራ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አይደለም፤ ጠመዝማዛ ነው፤ ይህም ሲቀነስ አገሩ ከዚህም ያንሳል። ይህ ሁሉ እያለ በካርታው ላይ ያለው ወሰን የተመዘገበው በኬክሮስና ኬንትሮስ ዲግሪ እስከ ስድስተኛው አስርዮሽ ነው። የዲግሪ ስድስተኛ አስርዮሽ መሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ያህላል። ዘጋቢው በቀን ጉዞ የነገሩንን እኛ በስንዝር ለካነው።

እስካሁን የተናገርነው ወሰኑ እያለ ስለማናውቀው ነው። ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ጉዳይ ነው፤ ወሰኑ ራሱ ባልነበረበት ስፍራ ወሰን መሳል። አል-ዑመሪ እንደሚነግሩን እነዚህ ነገሥታት እርስ በርስ የተለያዩ ሆነው ለሐበሻው ሐፂ ግብር ይከፍሉ ነበር፤ ሹመታቸውም በእሱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እንግዲህ በ1340 ገደማ ባሊን በምን ቀለም እንቀባው? የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ቃዲ፣ የራሱ መስጊድ አለው፤ ግብሩ ደግሞ ወደ ሐፂው ይሄዳል። አንድ ቀለም ብቻ የሚያውቅ ካርታ ከሁለቱ አንዱን መዋሸቱ አይቀርም። የግብፅ ጸሐፍት እነዚህን አገሮች በጥቅሉ ‹‹አጥ-ጢራዝ አል-ኢስላሚ›› ይሏቸው ነበር፤ በባሕሩ ዳርቻ እንደ ጢራዝ ስለተዘረጉ። ጢራዝ በልብስ ጠርዝ ላይ የሚሠራ ጌጥ ነው፤ በእኛ አነጋገር ጥለት። ነጠላ የለበሰ ሁሉ እንደሚያውቀው ጥለቱ ከነጩ ጋር አብሮ ይሸመናል፤ ድሩ በሁለቱም ውስጥ ያልፋል፤ ጥለት በመቀስ የተቆረጠ ዳር አይደለም። የጥንቶቹ ሰዎች ለዚህ ምድር የሰጡት ስም ከእኛ ካርታ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ይመስለናል።

ይህን ስንል ጥርት ያለ ወሰን ሁሉ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም። ዓረፋ ወሰን አላት፤ በዘጠነኛው ቀን ከወሰኗ ውጭ ቆይቶ ሌሊቱ ያለፈበት ሰው ሐጅ የለውም። የዑረና ሸለቆ ከዓረፋ አይደለም፤ የነሚራ መስጊድ የፊተኛው ክፍል ከዓረፋ ውጭ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት በመስጊዱ ውስጥ ተተክሏል። በዚህ ስፍራ መስመር መሳል ግዴታ ነው፤ ሸሪዓው ራሱ ሐድ አድርጎታልና። ከዚህ የምንማረው ግን ሌላ ነገርም አለ። ፉቀሃእ ወሰኑ እርግጠኛ ሆኖ የሰውየው ዕውቀት ሲጠራጠር ምን እንዲያደርግ አዘዙ? በሚቃቶች መካከል የሚያልፍና የቱ ጋ ከሚቃቱ ትይዩ እንደሚሆን ያላወቀ ሰው፣ ሳይለፈው አስቀድሞ ኢሕራም እንዲያደርግ መከሩት። በአውሮፕላን የሄደ ሑጃጅ ማስታወቂያው ሚቃቱ ሳይደረስ ቀደም ብሎ የሚነገረው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ይህ ኢሕቲያጥ ነው፤ በካርታ ቋንቋ ደግሞ በመስመሩ ዙሪያ የጥርጣሬ ቀጠና መዘርጋት ማለት ነው። ዕውቀታችን ያልደረሰበትን ስፋት በስሙ ጠርቶ፣ ለሱ የሚስማማ ሥራ መሥራት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ታዲያ ጠንካራው መስመር እንዴት ተወለደ? እንደተረዳነው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም። ቀድሞ በመጻሕፍት ይታተሙ የነበሩ ካርታዎች ብዙውን ጊዜ የአገሩን ስም ፊደሉን አራርቀው በሰፊው ይጽፉት ነበር፤ ‹‹ደ — ዋ — ሮ›› ብለው፣ ያለ ምንም መስመር። የተራራቀው ፊደል ‹‹በዚህ አካባቢ›› ማለት ነበር፤ አንባቢውም ይገባው ነበር። የካርታ ሶፍትዌር ግን የተራራቀ ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ነጥብ፣ መስመርና ፖሊጎን፣ ማለትም የተዘጋ ጎነ ብዙ ቅርጽ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በፊደሎቹ ዙሪያ በመዳፊት እየጠቆመ ቅርጹን ይዘጋል፤ የእጁ መንቀጥቀጥ የኢፋት ወሰን ይሆናል። ሠሪው ‹‹ግምት ነው›› ብሎ ጠርዙን ያደበዝዘው ይሆናል፤ ድብዘዛው ግን ያለው በአቀራረቡ ላይ እንጂ በመረጃው ውስጥ አይደለም። ሁለተኛው ሰው ፋይሉን ሲወስድ ድብዘዛው ከኋላ ይቀርና ጠንካራው ፖሊጎን ብቻውን ይደርሰዋል። ሦስተኛው ቀለም ይቀባዋል፤ አራተኛው በሳተላይት ፎቶ ላይ ይጭነዋል፤ አምስተኛው በክፍል ውስጥ ያስተምረዋል። የሐዲስ ሊቃውንት ዘጋቢ የሰንሰለቱን ደካማ ቦታ ሸፍኖ ዘገባውን ያለ እንከን አስመስሎ ሲያስተላልፍ ተድሊስ ይሉታል። እዚህ ላይ ማንም ሆን ብሎ አልሸፈነም፤ ሸፋኙ የፋይሉ ቅርጽ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው።

የማጉላቱ ነገርም ለብቻው መታየት አለበት። አገሪቱ በሙሉ በአንድ ስክሪን ስትታይ የመስመሩ ውፍረት ብቻውን መሬት ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ይሸፍናል፤ ይህ በራሱ ትንሽ ትሕትና አለው። ስናጎላው ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ውፍረት ሳይለወጥ መሬት ላይ የሚሸፍነው ወደ ጥቂት ሜትሮች ይወርዳል። ማስረጃው ሳይጨምር የድፍረቱ መጠን ይጨምራል። የታተመ ካርታን አጉሊ መነጽር ይዞ ያየ ሰው ቀለም ብቻ ነበር የሚያገኘው፤ ዲጂታሉ ግን መንደሩን ያሳየዋል።

ቀደምቶቻችን ይህን እንዴት ያዙት? በአል-ኢስጦኽሪና በኢብን ሐውቀል ካርታዎች ላይ ባሕሩ ክብ፣ ወንዙ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ብዙ የዘመናችን ሰዎች ይህን የአላዋቂነት ምልክት አድርገው ያዩታል። እኛ ግን ሐቀኝነትም እናይበታለን፤ ክቡን ያየ ማንም ሰው ባሕሩ በእርግጥ እንዲህ ክብ ነው ብሎ አይታለልምና። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው በ985 ገደማ መጽሐፋቸውን ያዘጋጁት አል-ሙቀደሲ ናቸው። አሕሰኑ-ት-ተቃሲም በተባለው ሥራቸው የዕውቀታቸውን ምንጭ በሦስት ይከፍላሉ፦ በዓይናቸው ያዩትን፣ ከታመኑ ሰዎች የሰሙትንና በመጻሕፍት ያገኙትን። ለካርታዎቻቸው ቀለም ሲመርጡ መንገዶችን በቀይ፣ አሸዋውን በቢጫ፣ ጨዋማ ባሕሮችን በአረንጓዴ፣ ወንዞችን በሰማያዊ አድርገዋል፤ እያንዳንዱ ቀለም ትርጉሙ አስቀድሞ ተነግሯል። ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ቅርጽ ደግሞ በመጻሕፍት ያሉት ሥዕሎች እርስ በርስ ሲጣሉባቸው፣ በዐደን የባሕር ዳር ከአንድ ታዋቂ የነጋዴዎች አለቃ ጋር ተቀምጠው ጠየቁ። ሰውየውም አሸዋውን በመዳፉ ደልድሎ ባሕሩን ከነሰርጦቹ ሣለላቸው። አል-ሙቀደሲ ከዚያ በኋላ ያደረጉት የሚያስደንቅ ነው፤ በራሳቸው ካርታ ላይ ሰርጦቹን ሁሉ አላሰፈሩም። ታዋቂውንና ለተጓዥ የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀርተው፣ የተለያዩበትን ትተው የተስማሙበትን ሣሉ። ዕውቀት ስለጎደላቸው አይደለም፤ የዕውቀታቸውን ደረጃ ስለሚያውቁ ነው።

ዛሬ ጠንካራ ጠርዝ ባለው መረጃ ላይ ጥርጣሬን ለማሳየት የሚሠራባቸውን ዘዴዎች በዚህ ሚዛን ብንመዝናቸው እኩል አይወጡም። የተቆራረጠ መስመር በጣም የተለመደው ነው፤ በእኛ ዘንድ ደካማው እሱ ነው። የተቆራረጠ መስመርም መስመር ነው፤ ቦታውን ሳያመነታ ይናገራል። ከዚህም በላይ በዛሬ ካርታዎች ላይ ሁለት መንግሥታት የሚከራከሩበትን ድንበር ስለሚያመለክት፣ ተማሪው ጥርጣሬን ሳይሆን ጠብን ያነብበታል። እየደበዘዘ የሚሄድ ቀለም ይሻላል። ነገር ግን ድብዘዛው ስንት ኪሎ ሜትር ይስፋ? ለዓይን እንዲያምር ተብሎ የተመረጠ ስፋት ሌላ ፈጠራ ነው። ስፋቱ ቢያንስ ከላይ እንዳሰላነው ከሁለቱ የቀን ጉዞ ትርጓሜዎች፣ ከትንሹና ከትልቁ፣ መምጣት አለበት። ሌላም አሳሳች ነገር አለው፤ ቀለሙ ሲሳሳ ያየ ልጅ ‹‹እዚህ ጋ ሙስሊሙ እያነሰ ሄደ›› ብሎ ይረዳል። የሳሳው ግን የእኛ ዕውቀት ነው፤ ሕዝቡ አይደለም። ይህን በካርታው ግርጌ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያስፈልጋል።

እኛ የምንመርጠው መደራረብን ነው። የተለያዩ ምሁራን ለአንዱ ሱልጣኔት ያቀረቧቸውን ወሰኖች ሁሉ፣ እያንዳንዱን በስስ ቀለም አንዱን በሌላው ላይ ማንጠፍ ነው። ሁሉም የተስማሙበት ስፍራ ከሁሉ ይደምቃል፤ አንድ ሰው ብቻ ያለው ስፍራ ስስ ሆኖ ይቀራል። ለመድረሳ ተማሪ ይህን ማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ደማቁ የተስማሙበት፣ ስሱ ኺላፍ ያለበት ነው ይባላል። ጠንካራ ጠርዝ ያላቸው ፖሊጎኖች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ጥንካሬያቸውን ያጣሉ፤ አዲስ መረጃም መፍጠር አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ በዚህ ዘዴ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኛም በመጀመሪያ ሙከራችን ወድቀንበታል። ሰባት ካርታዎችን ደራርበን በመሃል የወጣውን ደማቅ ስፍራ አይተን ደስ አለን። ኋላ የየካርታውን ምንጭ ስንከተል ከሰባቱ አምስቱ የተቀዱት ከአንዱ ነበር። ያም አንዱ የቆመው በአል-ዑመሪ ዘገባ ላይ ነው። ከአንድ ራዊ የተነሳ ሐዲስ በብዙ መንገድ ስለተላለፈ ሙተዋቲር አይሆንም፤ አሓድ ነው። ደማቁ ቀለማችን የሚያሳየው የምስክሮችን ብዛት ሳይሆን የገልባጮችን ብዛት ነበር። ስለዚህ ከመደራረቡ በፊት ካርታዎቹን በኢስናዳቸው መለየትና ከአንድ ምንጭ የመጡትን እንደ አንድ መቁጠር ግድ ነው። ይህን ሥራ ማንኛውም ሶፍትዌር አይሠራልንም፤ የሐዲስ ትምህርት ያለው ሰው ግን ከካርታ ባለሙያው ይልቅ የተዘጋጀበት ነው።

ከሚያበረታቱ ሥራዎች ሁለቱን እናንሳ። በጥንታዊው የእስልምና ዓለም ላይ የተሠራው አስ-ሱረያ የተባለው ዲጂታል የሥፍራ ስሞች መዝገብ፣ በጆርጄት ኮርኑ አትላስ ላይ ተመሥርቶ ከ2,000 በላይ ሥፍራዎችንና በመካከላቸው ያሉትን መንገዶች ያሳያል። የቆመው በነጥብና በመንገድ ላይ ነው፤ ጂኦግራፊ ጸሐፊዎቹ የዘገቡትም ይኸው ነበርና። ሁለተኛው የዓለምን ታሪካዊ ወሰኖች በነጻ የሚያሰራጭ አንድ የመረጃ ስብስብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ወሰን ከ1 እስከ 3 የትክክለኛነት ደረጃ ሰጥቷል። 1 ግምታዊ ነው፤ 3 በዓለም አቀፍ ሕግ የተወሰነ ነው። ደረጃው በመረጃው ውስጥ ስለተጻፈ ፋይሉ በተገለበጠ ቁጥር አብሮ ይጓዛል። የምንነቅፍበት ነገር ቢኖር አንድ ፖሊጎን ዙሪያውን አንድ ደረጃ ብቻ መያዙ ነው። የኢፋት ወሰን በምሥራቅና በምዕራብ፣ በቆላውና በደጋው እኩል አይታወቅም። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሶሒሕና ዶዒፍ እንደሚገኝ ሁሉ፣ በአንድ ወሰን ዙሪያም እያንዳንዱ ጎን የራሱ ደረጃ ሊኖረው ይገባል።

ዘመኑስ? ካርታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ1285 እስከ 1415 ያለውን ኢፋት በአንድ ቅርጽ ያሳያሉ። በዚህ መካከል የዐምደ ጽዮን የ1332 ዘመቻ አለ፤ የወላስማዕ ቤተሰብ እርስ በርሱ መከፋፈሉም አለ። ሱልጣን ሰዕደዲን ዘይላ ላይ የተገደሉበት ዓመት ራሱ 1403 ነው ወይስ 1415 በሚለው ምንጮቹ አይስማሙም። በጊዜ ተንሸራታች የሚሠራ ካርታ እዚህ ላይ አንዱን ዓመት መርጦ ቀለሙን ያጠፋል፤ ያንን ምርጫ ያደረገው ማን እንደሆነ አንባቢው አያይም።

ከመምህራን የሚመጣው ተቃውሞ ይገባናል። ልጆች ግልጽ ነገር ይፈልጋሉ፤ የደበዘዘ ካርታ ግራ ያጋባቸዋል ይባላል። ነገር ግን እነዚሁ ልጆች በሲራ ትምህርት ላይ ‹‹ይባላል››፣ ‹‹በሌላ ዘገባ››፣ ‹‹ዑለሞች ተለያይተዋል›› የሚሉትን ቃላት ከእኛው አፍ በየቀኑ ይሰማሉ፤ አልተጋቡም። በቃል የፈቀድነውን በሥዕል የምንከለክልበት ምክንያት የለም። ሌሎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ሱልጣኔቶቹን ከካርታው ማውጣት ይሻላል ይላሉ። ይህ የባሰ ነው። ሱልጣኔቶቹን ያላሰፈረ የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ካርታ ባዶ ቦታ አይተውም፤ ቦታውን በሌላ ቀለም ይሞላዋል። ባዶነትም ዘገባ ነው፤ እሱም ኢስናድ ይጠየቃል። በቁፋሮ የተገኘው ማስረጃ ደግሞ ባዶነትን ይቃወማል። በሸዋ ምሥራቃዊ ተዳፋት ኖራንና አስበሪን በመሳሰሉ ስፍራዎች የመስጊድና የከተማ ፍርስራሾች ተጠንተዋል፤ የወላስማዕ ሱልጣኖች የመቃብር ጽሑፎችም ታትመዋል። በድሬዳዋና በሐረር መካከል በሐርላ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ተቆፍሮ ወጥቷል። እነዚህ በዓይን የታዩ ናቸው፤ በአል-ሙቀደሲ አከፋፈል የመጀመሪያው ደረጃ ይገባቸዋል።

ከዚያ ሥልጠና በኋላ ለክፍል የሚሆን አንድ ገጽ ካርታ አዘጋጅተናል። የሳተላይቱን ፎቶ አውጥተን በእጅ የተሣለ የሚመስል ቀላል የመልክዓ ምድር ሥዕል ተክተንበታል፤ ፎቶው ከሥሩ ሲኖር ማንኛውም መስመር በካሜራ የተነሳ ይመስላልና። ድንጋያቸው የቆመላቸውን ስፍራዎች በሙሉ ጥቁር ነጥብ፣ በጽሑፍ ብቻ የተነገሩትን ባዶ ክብ አድርገናል። በነጥቦቹ ዙሪያ በትንሹና በትልቁ ትርጓሜ የተሰላ ስስ ቀለም አለ፤ በሰሜን በኩል ግን ማስረጃ ስላጣን ሳንዘጋው ትተነዋል። ማጉላቱን ከወረዳ ደረጃ በታች እንዳይወርድ ከልክለናል፤ አስርዮሹንም ወደ አንድ አሳጥረነዋል፤ ያም መሬት ላይ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማንኛውም ነጥብ ሲነካ ምንጩና ደረጃው ይነበባል። ‹‹ይህ መንደር በኢፋት ውስጥ ነበር?›› ተብሎ ሲጠየቅ ሶፍትዌሩ ‹‹አዎ›› ወይም ‹‹አይደለም›› ብቻ ሳይሆን ‹‹አይታወቅም›› ብሎ እንዲመልስ ለማድረግ ከሌላው ሥራ ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብናል።

ያ ወጣት ኡስታዝ አዲሱን ካርታ ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው መንደሩን መፈለግ ነበር። መንደሩ በስሱ ቀለም ውስጥ ወደቀ፤ ሲነካውም ‹‹አይታወቅም›› የሚል ወጣ። ትንሽ ከቆየ በኋላ ስለ አንድ ሌላ ስፍራ ጠየቀን፦ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 ባሳተሙት የሸዋ ሱልጣኔት ዜና መዋዕል የተጠቀሰችው፣ ሱልጣኔቱ በ1280ዎቹ በወላስማዕ እጅ ከመውደቁ በፊት መናገሻ የነበረችው ወለለህ በካርታው ላይ የት አለች? ሥፍራዋን ምሁራን እስካሁን አልተስማሙበትም። ስለዚህ ነጥብ አልሰጠናትም፤ ስሟን በካርታው ኅዳግ ላይ ጽፈነዋል።